መታጠፊያው ጋ ስደርስ ቪዲዮውን አቆመዋለሁ

የአንባቢዋ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ማንበብ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፤ አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። 43 ዓመቴ ነው። የምኖረው ሐዋሳ ነው፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የተወለድኩት ግን ጃማይካ ነው። በደሴቷ ደቡብ ምዕራብ ሴንት ኤልዛቤት የሚባል አውራጃ አለ፤ እዚያ ሳንታ ክሩዝና ላኮቪያ በሚባሉ ሁለት ከተሞች መሃል የአባቴ እናት ቤት አለ። ዘጠኝ ዓመት እስኪሆነኝ የኖርኩት እሷ ጋ ነው። በ1984 ዓ.ም. ወላጆቼ ለጃንሆይ መቶኛ ዓመት ልደት ብለው ሻሸመኔ መጡ፤ በዚያው ቀረን። ያደግኩት ጃማይካ ሰፈር ነው። አማርኛ የለመድኩት ከሰፈር ልጆች ጋር ገመድ ስዘል ነው፤ ዛሬ ልጆቼን የምቆጣውም የማባብለውም በአማርኛ ነው።

ችግሬ ምን መሰለዎት። ዓመት ሊሆነኝ ነው፤ ማታ ማታ ሁሉም ሲተኛ ስልኬን ይዤ ዩቲዩብ ላይ የመኪና ጉዞ ቪዲዮ አያለሁ። አንድ ሰው መኪናው ፊት ላይ ካሜራ ገጥሞ ከኪንግስተን ተነስቶ ይነዳል። አያወራም፤ ሙዚቃም የለውም። የሞተር ድምፅ፣ ጥሩምባ፣ አንዳንዴ ዝናብ። ስፓኒሽ ታውን፣ ሜይ ፔን፣ ማንዴቪል፣ ከዚያ የስፐር ትሪ ቁልቁለት፣ ከዚያ የኛ ሜዳ። ቀዩን አፈር ሳይ የትምህርት ቤት ነጭ ካልሲዬ ትዝ ይለኛል፤ ግራኒ (አያቴን እንዲያ ነበር የምንላት) በሎሚ ብትፈትገው፣ ብትፈትገው አይለቅላትም ነበር። ሜልሮዝ ሂል የሚባል ዳገት ላይ አባቴ ሁልጊዜ መኪና አቁሞ በከሰል የተጠበሰ ያም ይገዛልን ነበር። ቪዲዮው ላይ መኪናው በአዲሱ የክፍያ መንገድ ስለሚሄድ እሱን ቦታ አያገኘውም።

ላኮቪያ ሊደርስ ሲል በግራ በኩል አንዲት ጠባብ መታጠፊያ አለች። ወደ ግራኒ ቤት የምታስገባው እሷ ናት። መኪናው አይታጠፍም፤ ያልፋታል። ቆጥሬዋለሁ፤ የምትታየው አራት ሰከንድ ነው። እዚያ ስደርስ አቆመዋለሁ። የድንጋይ አጥር ጥግ፣ የብረት በር፣ የማንጎ ቅርንጫፍ። ሌላ የሚታይ ነገር የለም። አያታለሁ፣ አለቅሳለሁ፣ ወደ ኋላ መልሼ እንደገና አያለሁ። አንዳንዴ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል።

ባለቤቴ እዚሁ ሐዋሳ ተወልዶ ያደገ ደግ ሰው ነው። መጀመሪያ ላይ ምንም አላለኝም። በቅርቡ ግን “እኛ አልበቃንሽም ማለት ነው?” አለኝ። መልስ አጣሁ።

ከሁሉም የከበደኝ አባቴ ነው። አሁን 76 ዓመቱ ነው። ጃንሆይ ጃማይካ ሲገቡ አውሮፕላን ማረፊያው ከነበሩት ልጆች አንዱ ነው፤ የዚያን ቀን ዝናቡ እንዴት እንዳባራ ሲያወራ ዛሬም ድምፁ ይለወጣል። ለእሱ አገሩ ይሄ ነው። ጃማይካ ቅድመ አያቶቹ በሰንሰለት ታስረው የተወሰዱበት ቦታ ነው፤ እንዲህ እያለ ነው ያሳደገን። በገና ሰሞን ሊጠይቀን መጥቶ፣ ሳላውቅ ከኋላዬ ቆሞ ቪዲዮውን እያየ አገኘሁት። መኪናው ስፐር ትሪን እየወረደ ነበር። አባቴ ጃማይካ እያለ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። “እዚህ ጋ ማርሽ ይቀነሳል” አለ፣ ቀስ ብሎ። ሌላ ነገር አልተናገረም። ከዚያ እራት አልበላም ብሎ ሄዶ ተኛ። እስካሁን አንስተነው አናውቅም። ባሕር አቋርጦ ያመጣኝን አገር የናቅኩበት መስሎት ይሆን?

ሌላም አለ። ባለፈው ጥቅምት ሜሊሳ የሚሉት አውሎ ነፋስ የኛን አካባቢ እንዳልነበረ አድርጎታል። ግራኒ ከሞተች በኋላ ቤቱ ውስጥ የምትኖረው አክስቴ ናት። ጣሪያው ሄዷል። ፎቶ ላከችልኝ፤ እስካሁን መክፈት አልቻልኩም። በ1981 መስከረም ጊልበርት የሚባለው ሲመጣ አምስት ዓመቴ ነበር። ግራኒ አልጋ ሥር ከታን ቆርቆሮው ሲገነጠል ሰምቻለሁ። ቪዲዮው ከሜሊሳ በፊት የተቀረጸ ነው፤ እሱን ግን በየቀኑ አያለሁ። የሰው ቤት ፈርሶ እኔ የድሮ መንገድ አያለሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ሰሞኑን ዕቁብ ደርሶኛል። ለቲኬት ላስቀምጠው? ለአክስቴ ጣሪያ ልላከው? ወይስ ይሄን ሁሉ ትቼ ልጆቼን ላሳድግበት? የጃማይካ ፓስፖርቴ ጊዜው ካለፈ ዓመታት ሆኖታል። ቪዲዮውን ማየት ላቁም? አባቴን ይቅርታ ልጠይቀው? እባክዎ ይምከሩኝ።

ግራ የገባኝ፣ ከሐዋሳ

መልስ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ መልስ መጻፍ አልቻልኩም። መጀመሪያ መንገዱን ማየት ፈለግኩ። ከኪንግስተን ወደ ሴንት ኤልዛቤት የሚነዱ ሰዎች የለቀቋቸውን ቪዲዮዎች ፈልጌ ሦስት ምሽት ቁጭ ብዬ አየሁ። ጃማይካን በሙዚቃና በሩጫ ብቻ ነበር የማውቃት። አስፋልት ዳር እረኛ ሳይኖራቸው የሚሄዱትን ፍየሎች አየሁ። ካኪ ለብሰው ታክሲ የሚጠብቁ ወንድ ተማሪዎችን አየሁ። ስፐር ትሪ ላይ መኪናው አንዱን ጥምዝ ሲዞር ያ ሜዳ ከታች ድንገት ተዘረጋ፤ ብቻዬን በተቀመጥኩበት “ውይ!” አልኩ። ከላኮቪያ በኋላ ደግሞ ቀርከሃው መጣ። አራት ኪሎ ሜትር ያህል በግራና በቀኝ የበቀለው ቀርከሃ ከላይ ተገናኝቶ ጣሪያ ሠርቷል፤ ብርሃኑ ብጥስጥስ እያለ መስታወቱ ላይ ይወርዳል። እንዲህ ያለ መንገድ የትም አይቼ አላውቅም።

ያንቺን መታጠፊያ ግን አላገኘኋትም። ጠባብ መታጠፊያ በየመንገዱ አለ፤ የድንጋይ አጥርም፣ የማንጎ ቅርንጫፍም እንደዚሁ። ሦስተኛው ምሽት ላይ መፈለጌን ተውኩት፤ አንቺ ብቻ የምታውቂያት ናት።

ቀላሉን ጥያቄ ቶሎ ልመልስልሽ። ይሄ ሕመም አይደለም፤ ቪዲዮውንም መተው የለብሽም። በ1688 እ.ኤ.አ. ዮሐንስ ሆፈር የሚባል የሕክምና ተማሪ ባዝል ከተማ ውስጥ ከአገራቸው የራቁ ሰዎችን ናፍቆት እንደ በሽታ ቆጥሮ “ኖስታልጂያ” ብሎ ስም አወጣለት፤ ሐኪሞችም ለብዙ ዘመን በሽታ ነው ሲሉ ቆዩ። ዛሬ እንደዚያ የሚል ሐኪም አታገኚም። እኛ አገርማ ትዝታ ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ ነው። ማሲንቆ ይዘው የሚቀመጡለትን ነገር አንቺ ስልክ ይዘሽ ተቀመጥሽለት።

ለምን ቪዲዮው እንዲህ እንደያዘሽም የገባኝ ይመስለኛል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ አገሩን የሚያውቀው በመኪና መስኮት ነው። ካርታ አያውቅም፣ ርቀት አያውቅም። ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ያ ዛፍ አለፈ፣ ያ ሱቅ አለፈ፣ አሁን ሊደርስ ነው ይላል። ፎቶ የሚያነሳ ሰው ያማረውን መርጦ ነው የሚያነሳው። ሹፌር ግን አይመርጥም። ጋራዡም፣ የወደቀው አጥርም፣ ልብስ የተሰጣበት ገመድም እንዳለ ያልፋል። ያንቺ ልጅነት ደግሞ ያለው እዚያ፣ ማንም ፎቶ በማያነሳው ነገር ውስጥ ነው። በዚያ ላይ ሰውየው አያወራም። ቢያወራ ኖሮ የሱ ጉዞ ይሆን ነበር፤ ዝም ሲል ያንቺ ሆነ።

አሁን ወደ አባትሽ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

“እዚህ ጋ ማርሽ ይቀነሳል።” ይህችን ነገር ደጋግሜ አነበብኳት። እህቴ፣ የተቀየመ ሰው እንዲህ አይልም። የተቀየመ ሰው “ምንድነው የምታዪው?” ይላል፤ “ዝጊው” ይላል። አባትሽ ግን ቁልቁለቱን አዩት። ከ30 ዓመት በላይ ያልነዱበት ቁልቁለት ላይ፣ እዚያው ሳሎንሽ ውስጥ ቆመው፣ እግራቸው ፍሪሲዮን ፈለገ። አስቢው እስኪ፤ ጭነት መኪና፣ ያ ሁሉ ጥምዝ፣ ከታች ገደል። አንድ ሰው ስንት ጊዜ ቢወርደው ነው 76 ዓመት ሆኖት የት ጋ ማርሽ እንደሚቀነስ የማይረሳው?

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያ ቤት ላንቺ የግራኒ ቤት ነው። ለእሳቸው ግን የእናታቸው ቤት ነው። ግራኒ ስታርፍ አባትሽ የት ነበሩ? በደብዳቤሽ አልነገርሽኝም። ሻሸመኔ ከነበሩ መርዶውን ማን ነገራቸው? ለቅሶ ተቀመጡ? ወይስ በማግስቱ ተነስተው ሥራቸውን ቀጠሉ? እኔ የማውቀው ነገር የለም፤ ግምቴን ነው የምነግርሽ። ግን ያን ዕለት እራት ሳይበሉ የተኙት በአንቺ ተቀይመው አይመስለኝም። መኪናው ቁልቁለቱን ጨርሶ ሜዳው ላይ ሲደርስ የት እንደሚያልፍ ስለሚያውቁ ይመስለኛል።

አባትሽ የከፈሉትንም ዋጋ አስቢ። ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ጃንሆይ ኪንግስተን ሲያርፉ ሕዝቡ አጥሩን ጥሶ አውሮፕላኑን ከቦት ነበር፤ ጃንሆይም ቶሎ መውረድ አልቻሉም፤ በኋላ ሞርቲመር ፕላኖ የሚባሉት የራስታ ሽማግሌ ደረጃውን ወጥተው ሕዝቡን አረጋጉ። ያን ያየ የ16 ዓመት ልጅ ዕድሜውን ሙሉ ያንን ቀን ይዞ ኖረ። ሻሸመኔ ላይ ለጥቁር ሕዝብ ከተሰጠው 200 ሄክታር ያህል መሬት አብዛኛውን ደርግ በ1967 ወርሶት እንደነበር ወላጆችሽ ሳያውቁ የመጡ አይመስለኝም፤ እያወቁ ግን መጡ። እንዲህ ሆነው የመጡ ሰው “ናፈቀኝ” ለማለት አፋቸው ቢያዝ አይገርመኝም። ናፈቀኝ ማለት ተሳሳትኩ ማለት ሊመስልባቸው ይችላል። ለልጅ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ከባድ ነው፤ አባት ያልተናገረውን ናፍቆት ልጅ አንስታ ስትሸከም ጥፋት የሠራች ይመስላታል። አንቺ ኢትዮጵያን አልናቅሽም። ልጆችሽን በአማርኛ የምታባብይ ሴት ይህን ማስረዳት የለባትም።

ስለዚህ ይቅርታ አትጠይቂያቸው። መንገድ ጠይቂያቸው። እንዴት እንደሆነ መጨረሻ ላይ እነግርሻለሁ።

ስላንቺም አንድ ነገር ልበል። ወላጆችሽ መርጠው መጡ። አንቺን ማንም አልጠየቀሽም፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ማንም አይጠይቅም። ይህን የምለው እነሱን ለመውቀስ አይደለም፤ ወላጅ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው። ግን ያን ቀን ምን ትዝ ይልሻል? ሻንጣው ሲታሰር፣ መኪናው ከዚያች መታጠፊያ ወደ ዋናው መንገድ ሲወጣ? ግራኒ በሩ ላይ ቆማ ነበር? ዞር ብለሽ አየሻት? ተመልሰሽ እንደማታያት የነገረሽ ሰው ነበር? ለኔ አትመልሺልኝ፤ ለራስሽ ጻፊው። በምን ቋንቋ እንደሚመጣልሽም ተመልከቺ፤ ግራኒ የምታወራሽ በአማርኛ አልነበረምና፣ አንዳንዱ ቃል በፓትዋ፣ በጃማይካ ሕዝብ የዕለት ተዕለት ቋንቋ፣ ብቻ ሊመጣ ይችላል፤ እንደመጣ ጻፊው። ቪዲዮውን አራት ሰከንዷ ላይ የምታቆሚው ያን ቀን መኪናውን ማስቆም ስላልቻልሽ ይመስለኛል።

ፎቶውን መክፈት ያቃተሽም ከዚሁ የሚመጣ ነው። “ምን ዓይነት ሰው ነኝ?” ብለሻል። ያ ጣሪያ አንዴ ሲገነጠል አልጋ ሥር ተኝታ የሰማች ሰው ነሽ። ጊልበርት መስከረም 2 ቀን 1981 ጃማይካን ሲመታ አምስት ዓመትሽ ነበር። ሜሊሳ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ሲመጣ ደግሞ ከአውሎ ነፋስ ደረጃዎች የመጨረሻው፣ አምስተኛው ላይ ነበር፤ የገባውም በዚያው በደቡብ ምዕራብ በኩል ነው። የአውራጃችሁ ዋና ከተማ ብላክ ሪቨር ምን እንደደረሰባት ሳትሰሚ አልቀረሽም። የቪዲዮው መንገድ ላይ ጣሪያው አሁንም አለ፤ ለዚህ ነው እሱን የምትመርጪው። ልበ ደንዳናነት ብለሽ አትጥሪው።

ፎቶውን ግን ክፈቺው። ማታ አይሁን፤ ብቻሽንም አይሁን። ቅዳሜ ከሰዓት ባለቤትሽ ከጎንሽ ተቀምጦ ክፈቺው። ከዚያ ወዲያውኑ አክስትሽ ጋ ደውዪ። እዚያና እዚህ ስምንት ሰዓት ነው ልዩነቱ። ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ ብትደውዪ እዚያ ገና ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው፤ ቀኑ ሳይሞቅ ታገኚያቸዋለሽ። ይገርምሻል፤ አንቺ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መታጠፊያዋን እያየሽ ስታለቅሺ እዚያ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ነው። አክስትሽ በዚያች መታጠፊያ ውስጥ፣ ያው ቤት፣ ነቅተው ተቀምጠዋል። ቪዲዮው አይታጠፍም፤ ስልክ ግን እስከ ውስጥ ድረስ ይገባል። ስንት ጊዜ ነው የምትደውይላቸው? የማንጎው ዛፍ ቆሟል? ማታ ማታ ምን ይሰማል? ግራኒ የት ነው የተቀበረችው? እነዚህን ቪዲዮው አይነግርሽም።

ስለ ባለቤትሽ ብዙ አልልም። “እኛ አልበቃንሽም?” ያለው በር የተዘጋበት ስለመሰለው ነው። እሱ የልጅነት ቤቱን ማየት ቢያምረው በባጃጅ ይደርሳል፤ ስለዚህ ይህ ነገር እንዴት እንደሚሰማ ሳይነግሩት ሊገባው አይችልም። አጠገብሽ አስቀምጠሽ አሥር ደቂቃ አሳዪው። መታጠፊያዋ ጋ አቁሚና “ይህቺ ናት” በዪው። ልጆቹም ይዩት። መጀመሪያ የሚጠይቁሽ “ለምን በግራ ይነዳል?” ብለው ነው፤ ከዚያ የነጩን ካልሲ ታሪክ ትነግሪያቸዋለሽ።

የዕቁቡ ብር። ባለቤትሽ እንደደረሰሽ ያውቃል? ካላወቀ ከሱ ጋር ጀምሪ። የልጆቹን ድርሻ አብራችሁ ለዩ። ከቀረው ላይ፣ እኔ ብሆን መጀመሪያ ወደ ጣሪያው እሄዳለሁ። ቲኬት ዓመት ይቆያል፤ ጣሪያ የሌለው ቤት ግን የሚቀጥለውን ዝናብ አይጠብቅም። ግን በጭፍን አትላኪ። አክስትሽን “ምን ጎደለ? ቆርቆሮው ነው፣ እንጨቱ ነው፣ የሠራተኛው ዋጋ ነው?” ብለሽ ጠይቂያቸውና አንዱን ነገር ያዢ። የራስሽ የሆነ አንድ ነገር እዚያ ቤት ላይ ይዋል። ሐዋሳ ላይ ዝናብ ቆርቆሮ ሲመታ የምትሰሚው ድምፅ እዚያም ያው ነው።

ጉዞውን ግን አትሰርዢው። ፓስፖርት ጊዜው አለፈ ማለት ዜግነት አለፈ ማለት አይደለም፤ እዚያ ተወልደሻል። የልደት ወረቀትሽን ፈልጊ፤ ከጠፋ አክስትሽ ቅጂውን እዚያ እንዲያወጡልሽ ጠይቂያቸው። ጃማይካ ሰፈር ያሉ ታላላቆችሽ ፓስፖርት በየት በኩል እንደሚታደስ አሳምረው ያውቃሉ፤ እነሱን አነጋግሪ። መንግሥት በ2009 ለራስታዎች መስጠት የጀመረው መታወቂያ ካለሽ ደግሞ ወጥቶ ለመመለስ ምን እንደሚያስፈልግሽ ኢሚግሬሽን ሄደሽ በደንብ አጣሪ። ከአዲስ አበባ ቀጥታ በረራ የለም፤ በየት አገር እንደምትተላለፊና ያ አገር የመተላለፊያ ቪዛ ይጠይቅ እንደሆነ ቲኬት ከመግዛትሽ በፊት እወቂ። ይህ ሁሉ ወራት ይፈጃል። ይፍጅ። እስከዚያ መንገዱም ይጠገናል፣ አንቺም ልብሽ ይረጋል።

እንቅልፍሽን ግን አደራ። ከማታው አራት ሰዓት በኋላ ስልኩ ሳሎን ይደር። በቀን ስታዪው የሚያስለቅስሽ ከሆነ አልቅሺ፤ ምንም አይደለም። ሌሊቱን ከተውሽው በኋላም አንድ ሁለት ወር እንቅልፍ እምቢ ካለሽ ግን ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ አነጋግሪ፤ ብቻሽን አትታገዪው።

አሁን አባትሽ። ያም የምትዪው እኮ የኛው ቦዬ ነው። ከወላይታ በኩል የሚመጣውን ገበያ ሄደሽ ፈልጊና ቅዳሜ ሻሸመኔ ይዘሽላቸው ሂጂ። ሜልሮዝ ሂል ላይ የቆማችሁበትን ቦታ ቪዲዮው አላገኘውም ብለሻል፤ የሚያልፈው በ2016 መጀመሪያ በተከፈተው የክፍያ መንገድ ነው። ሰውየው እዚያ ካላቆመ እናንተ ግቢ ውስጥ ከሰል አቀጣጥላችሁ ቁሙ። ከያሙ ጋር የሚበላውን በጨው የደረቀ አሣ አታገኚም፤ አቮካዶ ይበቃል። ከርከዴ በዝንጅብል አፍዪ፤ የገና መጠጣችሁ ስለሆነ ሽታውን ሳትነግሪያቸው ያውቁታል።

ከበላችሁ በኋላ ስልኩን አውጪና ቪዲዮውን ማንዴቪል ላይ ጀምሪው። ምንም አታብራሪ። መኪናው ስፐር ትሪን መውረድ ሲጀምር “አባዬ፣ እዚህ ጋ ስንተኛ ማርሽ ነበር የምታስገባው?” በያቸው። ከዚያ ይንዱ። ዝም ካሉ ዝም በይ። መታጠፊያዋ ጋ ስትደርሱ አቁሚውና ስልኩን እጃቸው ላይ ስጫቸው። ከአጥሩ ጀርባ ምን እንዳለ አንቺ የምታውቂው የዘጠኝ ዓመቱን ነው፤ እሳቸው የአርባውን ያውቃሉ።

ቦዬው ልጣጩ በደንብ እስኪጠቁር እሳት ላይ ይቆይ፤ አትቸኩይ። ከዚያ በቢላዋ ይፋቃል። እሱን ለአባትሽ ተዪላቸው።